«ሁሉም የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይባላል፤ እውነት ሁሉም ነው?

ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ወሬው አንድ ነው። ጎርፉ፣ በረዶው፣ ሙቀቱ፣ ብርዱ፣ መሬት መንቀጥቀጡ፣ ሁሉም «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይባልና ይታለፋል። ትልልቆቹ «ስምንተኛው ሺ ገብቷል» ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር ዓለም ከተፈጠረ ከ7,500 ዓመት በላይ ሆኗልና በቆጠራው እንኳ አልተሳሳቱም። አንዱ ወጣት ደግሞ ጆሮ ማዳመጫውን ነቀል አድርጎ «ባክሽ፣ የፈረንጅ ወሬ ነው» ይላል።

ሁሉን ነገር በአየር ንብረት የሚያመካኘውም፣ ምንም የለም የሚለውም አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። የትኛው ችግር ከየት እንደመጣ ሳይለይ መላ አይመታም። እስቲ በየተራ እንያቸው።

«ዓለም ሞቀች ካላችሁ ህዳር ላይ ለምን እንንቀጠቀጣለን?»

ማለዳ 12 ሰዓት አራት ኪሎ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግን የአዲስ አበባ የበጋ ብርድ የሚመጣው ከከፍታዋና ከጠራው ሰማይዋ ነው። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ክረምት ላይ ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነናል፤ መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። ህዳርና ታህሳስ ላይ ደመና የለም፣ አየሩም ደረቅ ነው። ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ ይጠፋል፣ ንጋት ላይ ውርጭ ይሆናል። ረፋድ ላይ ደግሞ ጃኬት የሚያስወልቅ ፀሐይ። ይህ አያቶቻችንም የሚያውቁት ነው።

የአንድ ሌሊት ብርድ ስለ ዓለም ሙቀት ምንም አይነግረንም። ባለሙያዎች የሚያዩት የ30 ዓመትና ከዚያ በላይ አማካይ ነው። በዚያ መለኪያ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ብቻ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ከሞቃት ቀኖች ይበልጥ የበዙት ደግሞ ሞቃት ሌሊቶች ናቸው።

በረዶውም እንደዚያው። ቆርቆሮ የሚያንኳኳው በረዶ የቅዝቃዜ ምልክት አይደለም። መሬት አጠገብ ያለው እርጥብ አየር ሞቆ በኃይል ወደ ላይ ሲወጣ ነው ደመናው ውስጥ በረዶ የሚሠራው። ለዚህ ነው በረዶ የሚጥለው በታህሳስ ብርድ ሳይሆን በበልግና በክረምት ከሰዓት በኋላ የሆነው።

«መሬት መንቀጥቀጡም ከዚሁ ነው»

አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ብዙ የተማረ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ።

ታህሳስ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በሬክተር ስኬል ከ5 በላይ የተለካ መንቀጥቀጥ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ያን ሰሞን ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ሰው አምፖሉ ሲወዛወዝ እያየ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ደረጃ ለደረጃ ይወርድ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። ምክንያቱ ግን ከእግራችን በታች ነው። የስምጥ ሸለቆ የሚባለው አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ያለችበት መስመር ነው። ሁለቱ የመሬት ቅርፊቶች በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ በስንጥቁ ውስጥም ቅልጥ አለት ይገባል። ያን ጊዜ መሬት ትናጣለች። ይህ የመኪና ጭስም ፋብሪካም ከመኖሩ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የተጀመረ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ወደ ፍልውሃ ይውረድ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ስቦ ያወረደው ያ ሙቅ ውሃ፣ ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው ዳር ስለተቆረቆረች ከመሬት ሆድ የሚሞቅ ነው። ድንኳኑን በ1879 ዓ.ም. ያስተከለው የመሬት ሙቀት ከዓለም ሙቀት መጨመር ጋር አይተዋወቅም።

እሳተ ገሞራም ያው ነው። ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ ህንድ ደርሷል። «እንዲህ ዓይነቱ ነው ዓለምን የሚያሞቀው» ያሉ ነበሩ። የዓለም እሳተ ገሞራዎች በሙሉ በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ዓለምን በዋናነት የሚያሞቀው ጋዝ፣ ሰው ከሚያወጣው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እንዲያውም ትልልቅ ፍንዳታዎች ለጊዜው ዓለምን ያቀዘቅዛሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ሲፈነዳ የዓለም ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ወርዶ ነበር።

«ጎርፉ የአየር ንብረት ነው፤ ታዲያ ምን ይደረጋል?»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ለማስተባበል ያስቸግራል።

እውነቱን እናስቀድም። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መሸከም ይችላል። ስለዚህ የዘነበ ጊዜ በአንዴ የሚያወርደው ይበዛል። ድሮ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የሚውለው ዝናብ በአንድ ሰዓት ሊዘረገፍ ይችላል። የዓመቱ ጠቅላላ መጠን ባይለወጥ እንኳ አወራረዱ ከከፋ ጎርፍ አለ።

አሁን ሌላው ግማሽ። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ስታዲየም አካባቢ ደግሞ 2,300 ገደማ። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንትይቀጡ አድርጎ በአጭር ጊዜ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ቀድሞ ሳርና አፈር ነበር፤ አሁን ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ሴራሚክ ነው። የሚመጥጠው መሬት የለም። በዚያ ላይ ወንዙ ዳር እስከ አፋፉ ድረስ ተሠርቷል።

ሐምሌ ላይ ዶፍ ካባራ በኋላ የመንገድ ዳር ቱቦ አጠገብ ቆም ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ፍርግርጉ ላይ የተከመረው የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የጫት ገረባ፣ የተቀደደ ፌስታል፣ ከሕንጻ ሥራ የተረፈ አሸዋና ያልቀለጠ በረዶ ነው። ውሃው መግቢያ አጥቶ ወደ ሱቁ ይዞራል። ባለሱቁ በመጥረጊያ እየገፋ «አየር ንብረቱ ተለወጠ» ይላል። ተለውጧል፣ ልክ ነው። ፌስታሉን ግን ሰማይ አልጣለውም።

እንዲህ ስል ነገሩን ወደ ቆሻሻ ብቻ መግፋቴ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ የተራራው ገላ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ብዙዎቹ የሞቱት የመጀመሪያዎቹን ተቀባሪዎች ለማውጣት ሲቆፍሩ ነው። ገደላማው መሬት፣ ውሃ የጠገበው አፈርና ተዳፋቱ ላይ ያለው ኑሮ አንድ ላይ የተገናኙበት አደጋ ነበር። ዝናቡን ማስቆም አይቻልም። ከዳገቱ ሥር ሰው አስቀድሞ ማንሳት ግን ይቻላል።

«ኦዞን ተቀዶ ነው ፀሐዩ የበረታው»

ይህ በትምህርት ቤት የተደባለቀብን ነገር ነው። የኦዞን መሳሳት አንድ ጉዳይ ነው፤ የሚያመጣው ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር ነው። የዓለም ሙቀት ዋና ምክንያት ግን ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦዞንን የሚያሳሱትን ኬሚካሎች ለማስቆም ዓለም በ1987 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ተስማምቶ፣ ኦዞኑ ቀስ እያለ እያገገመ ነው።

«ድርቅ ድሮም ነበር»

ነበር እንጂ። ክፉ ቀንን ማን ይረሳል? የ1966ቱን የወሎ ረሃብ፣ የ77ቱን ማን ይረሳል? ድርቅን የአየር ንብረት ለውጥ አልፈጠረውም። ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጠውም በአስተዳደር፣ በጦርነትና በድህነት ነው፤ ይህን ለደመና አሳልፎ መስጠት በታሪክ ላይ መቀለድ ነው።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ቦረናን፣ ሶማሌ ክልልን፣ ሶማሊያንና ሰሜን ኬንያን የመታው ድርቅ አምስት የዝናብ ወቅቶችን በተከታታይ አሳጣ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። ያን ድርቅ ያጠኑ ዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው አስልተዋል። ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ብቻ አልነበረም። የሞቀው አየር ከአፈሩም ከቅጠሉም ውሃውን መጦ ወሰደው። ተመሳሳይ የዝናብ እጥረት በቀዝቃዛዋ ዓለም ላይ ያን ያህል ባልጎዳ ነበር።

«1.5 ዲግሪ ምን አላት?»

አገሮች የዓለም ሙቀት ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረው ከዚህ በላይ እንዳይጨምር ለመጣር የተስማሙበት ልክ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ፒያሳ ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። የመላው ዓለም አማካይ ግን እንዲህ በዋዛ አይንቀሳቀስም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ዓለም ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ብቻ ነበር የምትቀዘቅዘው። በዚያ ልዩነት የባሌ ተራሮች አናት፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚሮጥበት ሰናቴ ሳይቀር፣ የበረዶ ግግር ለብሶ ነበር።

«የፈረንጅ ፖለቲካ ነው»

የስዊድኑ ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬኒየስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን አድዋ ላይ የተሸነፈበት ዓመት። የአድዋ ድል መታሰቢያን ስናይ ይህም ትዝ ይበለን። ያኔ አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 300 ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። ፖለቲካው የመጣው ሂሳቡ ከተሠራ በኋላ ነው፣ ማን ይክፈል የሚለው ሲነሳ።

«ችግኝ ከተከልን፣ መኪናውም በኤሌክትሪክ ከሆነ አለቀ»

ችግኙ አፈር ይይዛል፣ ውሃ ያሰርጋል፣ ጥላ ይሰጣል። የቻይናን፣ የአሜሪካንና የአውሮፓን ጭስ ግን እንጦጦ ላይ ተክለን አንጨርሰውም። ኢትዮጵያ ከዓለም ጭስ ያላት ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፣ መብራታችንም ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል የቦረና ድርቅ በዚያ አይቆምም ነበር። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፦ የነዳጅ ዶላር ይቀንሳል፣ ሜክሲኮ አደባባይ የቆመ ሰው ሳንባውም ያርፋል። ይህ ራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ የሌለውን መጨመር አያስፈልገውም።

«የነገን ዝናብ ያላወቁ የ50 ዓመቱን እንዴት ያውቃሉ?»

ሐምሌ 12 ቀን 9 ሰዓት ላይ ካዛንቺስ ይዘንብ ወይ አይዘንብ አንድ ጥያቄ ነው። ሐምሌ ከታህሳስ ይልቅ ይዘንባል ወይ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛውን ማንም ይመልሰዋል። የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች የሚሠሩት በሁለተኛው ዓይነት ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሠሩት የሙቀት ትንበያዎች አብዛኞቹ በኋላ የደረሰውን ጭማሪ በደንብ ገምተዋል።

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ፣ በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት የሚያወጣው ትንበያም እንደዚህ ነው። ስለ ሠርጋችሁ ቀን አይነግራችሁም፣ ስለ ወቅቱ ዝንባሌ እንጂ። ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። የውቅያኖሱ ወለል ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤል ኒኖ ሲሆን፣ የሰሜኑና የመሃሉ አገር ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲህ ሆኖ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ላይ ግን ከመስከረም በኋላ የሚመጣው ዝናብ በዚያው ኤል ኒኖ ይበረታል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለዓመታት የተቃጠለው የሶማሌ ክልል በጎርፍ የተጥለቀለቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ሬድዮ ላይ «ኤል ኒኖ መጣ» ሲባል ዘመዱ ወሎ ያለና ዘመዱ ጎዴ ያለ ሰው አንድ ዓይነት ስልክ አይደውልም።