የፎር ዊል ፒክአፕ ዘይት ማፍሰስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዲፈረንሻሉ ዘይት ያፈሳል፣ ሲሉን ቀይርልኝ።» አሮጌ ፒክአፕ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ማለት ይቻላል ወሬውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኔ ገና መኪናው ሥር አልገባሁም፤ እሱ ግን ምርመራውን ጨርሶ፣ ሲሉንም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በኪሱ ይዞ መጥቷል። ጭቃና ወንዝ ሲሻገሩ ስለሚውሉት የድሮ ሃይሉክሶችና የላንድክሩዘር ፒክአፖች በየቀኑ የምሰማውን ስህተት እስቲ ልናገረው።

«ዘይት ካፈሰሰ ሲሉ ሞቷል ማለት ነው»

ብዙ ሰው በከንቱ ገንዘብ የሚከሰክሰው በዚህ አባባል ነው። ሲል ማለት የላስቲክ ከንፈሩን በሚዞረው ብረት ላይ አሳርፎ ዘይቱን የሚያግድ ቀለበት ነው። ከጀርባው ግፊት ከሌለበት፣ የሚያርፍበት ብረት ልሙጥ ከሆነ፣ የሚዞረው ዘንግ ካልተንገዋለለ፣ ለዓመታት ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ትናንት የተገጠመ ኦርጅናል ሲልም ያፈሳል።

ከግፊቱ ልጀምር። በአክስሉ ቤት (ዲፈረንሻሉንና የጎማ ዘንጎቹን በያዘው ብረት) አናት ላይ ትንሽ ኮፍያ የደፋች መተንፈሻ አለች። ብዙ ባለ መኪና መኖሯንም አያውቅም። ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ስብስብ) ሲሠራ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይለጠጣል፤ ትርፉ የሚወጣው በእሷ ነው። ጭቃ ከደፈናት አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ ከንፈር በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ወንዝ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። የጋለው አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ባንዴ ይኮማተራል፤ መተንፈሻዋ ስለተደፈነ በሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። ታፖውን (የዘይቱን መክደኛ ቡሎን) ስትፈቱ ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ በዚያ ዘይት አንድ ጉዞ እንኳ አትሂዱ፣ ኩሽኔታውንና ማርሹን ይበላዋል።

ከባሌ በኩል የመጣ ኤልኤን106 ሃይሉክስ አስታውሳለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተሠራው፣ ፊቱም ኋላውም ሙሉ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያያይዝ አንድ ወጥ የብረት ቤት) ያለው ዓይነት። ባለቤቱ የኋላውን የፒኞን (ኃይል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያስገባው ዘንግ) ሲል ሌላ ቦታ ደጋግሞ አስቀይሯል፤ በተቀየረ በሳምንቱ ያው ማፍሰሱ ይመለሳል። መተንፈሻዋን በጣቴ ላሽከረክራት ስሞክር ንቅንቅ አላለችም። ቀይ አፈር ከዘይት ጋር ተቦክቶ ኮፍያዋ ሥር ደርቋል። መኪናው ከመንገድ ገና መድረሱ ስለነበር የመሙያውን ታፖ ላላ ሳደርገው አየሩ ሽው ብሎ ወጣ። ያንን ድምፅ ባለቤቱ በጆሮው ሰምቷል፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አላስፈለገም። መተንፈሻዋን ፈትተን በነጭ ጋዝ አጠብናት፣ ቀጥሎ በላስቲክ ቱቦ አስረዝመን መውጫዋን ከወንዝ ውሃ በላይ ከፍ አድርገን አሰርነው። ሲሉንም ቀየርን፤ ግፊቱ ከንፈሩን አጥፎት ነበርና። ግን መጀመሪያ የተስተካከለው ግፊቱ ነው፣ ሲሉ ተከታይ ነው።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። የድሮውን ሲል አውጥታችሁ ፍላንጁን (በፒኞኑ ጫፍ ላይ ያለውን የሚዞር ብረት) በደንብ ጥረጉትና ጥፍራችሁን ከንፈሩ ያርፍበት በነበረው ቦታ ላይ አሳልፉት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲል እዚያው ቦይ ላይ ካረፈ ያፈሳል። መፍትሔው ፍላንጁን መቀየር፣ ወይም ቦዩን የሚሸፍን ስስ የብረት ቀለበት ማልበስ ነው፤ ቦታው ከፈቀደም ሲሉን ሁለት ሚሊሜትር ያህል አራርቆ ንጹሕ ብረት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። እባካችሁ ፍላንጁን በሸካራ የአሸዋ ወረቀት አትፈትጉት፤ ጭረቱ አዲሱን ላስቲክ ይሞርደዋል።

ሦስተኛው ኩሽኔታው ነው። ካርዳኑን (ከፍላንጁ ጋር የሚታሰረውን ረጅም የሚዞር ዘንግ) ፈትታችሁ ፍላንጁን በሁለት እጅ ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ነቅንቁት። ጨዋታ (ልልነት) ካለው የፒኞኑ ኩሽኔታ አልቋልና ማንኛውም ሲል አይይዝም። ይህን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ሻይ አይጠጣበትም፤ ሳያዩ ሲል የሚገጥሙ ባለሙያዎች ግን በጣም ብዙ ናቸው። ፍላንጁን የሚያስረውን ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊትም ዳዶው፣ ዘንጉና ፍላንጁ ላይ ምልክት አድርጉ። በብዙ ዲፈረንሻሎች ውስጥ የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚወስን የሚጨመቅ ቀለበት አለ። በአየር ቁልፍ እንደልብ ካጠበቃችሁት ኩሽኔታው ታንቆ ይቃጠላል፣ ሲል ለመቀየር የገባ መኪና ዲፈረንሻሉ እያለቀሰ ይወጣል።

«ችግሩ ዘይቱ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ነው»

አይደለም። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዱ ነፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ከረጠበው ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው ነጥብ ነው። መጀመሪያ ይታጠብ፤ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሲሉንና መተንፈሻዋን ሳትደበድቡ። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ንፉበት፣ ትንሽ ነድታችሁ ተመለሱ፤ ዘይቱ ነጩን ፓውደር ሰንጥቆ የመጣበትን መንገድ ያሳያችኋል። ሳይታጠብ «ከዚህ ነው» የሚላችሁ ሰው እየገመተ ነው።

ከፍሪሲዮን ቤት ሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት በቀጥታ ለካምቢዮው (ለማርሽ ሳጥኑ) የሚሰጡትም በዚሁ ይሳሳታሉ። በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። ጥቁርና ቀጠን ያለ ከሆነ የናፍጣ ሞተር ዘይት ነው፤ ከሞተሩ የኋላ ሲል ወይም ከላይ ከሞተሩ ክዳን ጋስኬት በጀርባው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ወፈር ብሎ ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የማርሽ ዘይት ነው። ካምቢዮ ማውረድ ከባድ ሥራ ነው፤ የክዳን ጋስኬት ላፈሰሰው ካምቢዮ ወርዶ አይቻለሁ።

«ከፊት ጎማ ጀርባ የሚወርደው ግሪስ ብቻ ነው፣ ችግር የለውም»

ፊታቸው ሙሉ አክስል በሆነው ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ላይ፣ ጎማው የሚታጠፍበት ትልቅ የብረት ኳስ ውስጥ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ታጥፎም ቢሆን ኃይል የሚያደርሰው መጋጠሚያ) በግሪስ ተቀብሮ ይሠራል። ከአክስሉ ውስጥ የዲፈረንሻሉን ዘይት የሚያግደው የውስጠኛው ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ኳሱ ውስጥ ይገባና ግሪሱን ያቀጥነዋል፤ ጥቁር ሾርባ ሆኖ ጎማው ላይ ይወርዳል። ከውጭ ግሪስ መጨመር ምንም አይፈታም። በአንድ በኩል ዲፈረንሻሉ ዘይት ያልቅበታል፣ በሌላ በኩል ሲቪ ጆይንቱ ያለ ግሪስ ይቀራል። ሥራው ጎማውን፣ ቸርኬውንና ዘንጉን አውጥቶ ሁሉንም ማጠብ፣ የውስጡን ሲል መቀየር፣ አዲስ ግሪስ መሙላት ነው። ኳሱን የሚይዙት የላይና የታች ኩሽኔታዎች ልል ከሆኑ አብረው ይቀየሩ፤ ዘንጉ ከመሀል ሲወጣ ሲሉን በአንድ ጎኑ ይበላዋል። የፊቱንም መተንፈሻ እዩ።

«መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ አያፈስም»

በካምቢዮውና በትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ በሚያካፍለው ሳጥን) መካከል ያለው ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። አንዱ ጎድሎ ሌላው ከሞላ ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለቱንም ታፖ ከፍታችሁ ለኩ።

አጫጭሮቹ

«ወፍራም ዘይት ማፍሰሱን ያቆማል።» በዘጠና ቁጥር የማርሽ ዘይት ቦታ መቶ አርባ መጨመር ማፍሰሱን ትንሽ ያዘገየው ይሆናል፤ በብርድ ጠዋት ግን ማርሽ አልገባ ይላል።

«ሞልቶ ይትረፍረፍ።» መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታች ከንፈር ከደረሰ ይበቃል። ትርፉ ራሱ ማፍሰሻ ይፈልጋል።

«ሲሊኮን በላዩ ለቅልቅበት።» ዘይት ባለበት ብረት ላይ ሲሊኮን አይይዝም።

«አዲስ ሲል በመዶሻ ይገባል።» ከንፈሩን ዘይት ቀቡት፣ በልኩ በተቆረጠ ቱቦ ዙሪያውን እኩል አስገቡት። ተዛብቶ የገባ ሲል ገና ሳይዞር ተበላሽቷል።

እና አንድ ምክር፦ ዘይት ከማፍሰሳችሁ በፊት ሁልጊዜ የመሙያውን ታፖ ፍቱ። የታችኛውን ከፍታችሁ የላይኛው ከዛገና እንቢ ካለ መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ ቆሞ ይቀራል።

«ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል»

ይህን ስሰማ በእውነት እናደዳለሁ። በሃይሉክስ የኋላ ጎማ ላይ የዘንጉ ሲል ሲያልቅ ዘይቱ የሚገባው ቀጥታ ታምቡሩ (ሸራው የሚሠራበት የፍሬን ከበሮ) ውስጥ ነው። ሸራው ዘይቱን ይመጠዋል፤ በቤንዚን ብታጥቡት ፊቱ ብቻ ይደርቃል፣ ሲግል ከውስጥ እንደገና ይወጣል። አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው ይንሸራተታል፣ ቁልቁለት ላይ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሸራው በሁለቱም ጎን ይቀየር። ታምቡሩ ውስጥ ያገኛችሁትን እርጥበት ደግሞ በውሃ ፈትኑት፦ በውሃ ከተሟሟ የፍሬን ዘይት ነው፣ የፍሬኑን ሲሊንደር እዩ፤ በውሃው ላይ ከተንሳፈፈ የዲፈረንሻሉ ነው፣ ወደ መተንፈሻዋ ተመለሱ።