የኬሚስቶች ማኅበር በጎጃም፦ ከጉባኤ አዳራሽ እስከ አሲዳማው ማሳ

የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር የአገሪቱን ኬሚስቶች የሚያሰባስብ የሙያ ማኅበር ነው። ቢሮው አዲስ አበባ ነው። ኬሚስቶቹ ግን በየዩኒቨርሲቲው፣ በየምርምር ማዕከሉ፣ በየፋብሪካው ላቦራቶሪ (ላብ) እና በየትምህርት ቤቱ ተበትነው ይሠራሉ። በጎጃምም ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ የዚህ ሙያ ሰዎች አሉ። የኬሚስቶች ማኅበር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጉባኤና ጆርናል ነው። ጎጃም ላይ ግን ትልቁ የኬሚስትሪ ጥያቄ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ የሙያውን ሥራ ለማየት ከአዳራሹ ወጣ ማለት ያስፈልጋል።

ፖሊ እና ፔዳ

ኬሚስትሪን እንደ ሙያ ማስተማር በጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 (ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ከሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ ነበር። ከእርሻ መካኒክስ፣ ከብረታ ብረት፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከእንጨትና ከኤሌክትሪክ ሥራ ጋር እኩል ይሰጥ ነበር። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ነበራት። ጨርቅ ማንጣትና ማቅለም ደግሞ ያለ ኬሚስትሪ አይሆንም።

በ1972 የፔዳጎጂ አካዳሚው ተከተለ። የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። ሁለቱ ተቋማት በ2000 ተዋህደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የከተማው ሰው ግን እስከ ዛሬ ግቢዎቹን «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ነው የሚጠራቸው። በ2007 ደግሞ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ። ቆይቶም የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተጨመረ። ዛሬ አንድ የጎጃም ልጅ ኬሚስትሪ ለመማር አባይን መሻገር አይጠበቅበትም።

ማኅበሩ ምን ይሠራል?

ዋናው ሥራው ሰውና እውቀት ማገናኘት ነው። አባላቱ ለጉባኤ ይሰበሰባሉ፣ የምርምር ውጤት ያቀርባሉ፣ ይከራከራሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ከጉባኤው ግማሹ ጥቅም የሚገኘው በሻይ ሰዓት ነው። የማን ማሽን እንደሚሠራ፣ የማን እንደተበላሸ፣ የትኛው ሪኤጀንት (ለሙከራ የሚያገለግል ኬሚካል) ከየት እንደሚገኝ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህ ወሬ ወርቅ ነው። አንድ የተቃጠለ የማሽን አምፖል ወይም ያለቀ የጋዝ ሲሊንደር የአንድን ተመራቂ ተማሪ ሥራ ለወራት ሊያቆመው ይችላል።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ጆርናሉ ነው። የማኅበሩ ቡለቲን ከ1987 ጀምሮ ይታተማል። ጽሑፎቹ የሚወጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ኢንተርኔት ላይም ይነበባል። ከአፍሪካ ከሚወጡ የኬሚስትሪ ጆርናሎች መካከል ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ነው። አንድ ጆርናል ያለማቋረጥ ይህን ያህል ዓመት ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም። አራሚ ያስፈልጋል፣ ገምጋሚ ያስፈልጋል፣ ገንዘብም ያስፈልጋል።

ማኅበሩ ከአገር ውጭም እጁ ረጅም ነው። በ2006 ለተመሠረተው የአፍሪካ ኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን መነሻ የሆነችው አዲስ አበባ ናት። ፌዴሬሽኑ በ2011 ስለ ኬሚስትሪ ትምህርት ብቻ የሚጽፍ ጆርናል ጀምሯል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2011ን ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ዓመት ብሎ ሲያውጅ፣ የውሳኔ ሐሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። ጉባኤው የተቀበለው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። 2011 የተመረጠውም ማሪ ኩሪ የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተሸለመች መቶ ዓመት የሚሞላበት በመሆኑ ነው። ይህ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ ነው።

ክፍል ውስጥ

በዚያ ዓመት በመላው ዓለም ላሉ ተማሪዎች የተዘጋጀው ሙከራ ውሃ ላይ ያተኮረ ነበር። አራት ክፍል ነበረው። የአካባቢን ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) መለካት፣ ጨው መለካት፣ ውሃ ማጣራትና በክሎሪን ማከም፣ በፀሐይ ሙቀት ውሃ ማትነን። ሙከራዎቹ ውድ ዕቃ አይጠይቁም። ጥቁር ሳህን፣ ፕላስቲክ፣ ጠጠርና ፀሐይ ካለ አራተኛው ሙከራ ይሠራል። ፀሐይ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ከክረምት በቀር ሞልቷል።

ለጎጃም ትምህርት ቤቶች የሚያዋጣው እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ጀምሮ ነበር። ተማሪው ሙከራውን በስክሪን ያያል እንጂ በእጁ አይነካም። ኬሚስትሪ ደግሞ በማየት ብቻ አይገባም። በአነስተኛ መጠን የሚሠራ ሙከራ ይህን ክፍተት ይሞላል። ቢከርና ቡሬት የሚባሉት የላብ መስታወቶች ከሌሉ ሲሪንጅና ንጹሕ የፕላስቲክ ሽፋን ይበቃል። ጥቂት ጠብታ አሲድ፣ ጥቂት ጠብታ ቤዝ፣ ከቀይ ጥቅል ጎመን የተቀዳ ቀለም። አሲዱ ላይ ቀላ ይላል፣ ቤዙ ላይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሪኤጀንት አይባክንም፣ አደጋውም ያንሳል።

አካባቢውን የሚያውቅ መምህር የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ያንሳል። ስለዚህ እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ዝቅ ስለምትል ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ይፈላል። ተማሪው ቴርሞሜትሩን አንብቦ «92 ነው» ቢል ትክክል ነው። ተሳሳትክ ተብሎ 100 ብሎ እንዲጽፍ ከተደረገ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያየውን ሳይሆን የተጻፈውን ማመን ይለምዳል። ለሳይንስ ከዚህ የከፋ ትምህርት የለም።

አሲዳማው አፈር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲድነት የተጠቃ ነው። የጎጃም ደጋ ደግሞ ከዋናዎቹ ተጠቂዎች አንዱ ነው። አዊ ውስጥ ባንጃንና ፋግታ ለኮማን፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጎዛምንን፣ ሰሜን ወደ ሜጫ የሚሄደውን አገር ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ማዳበሪያ ተጨምሮም ለውጥ የለም። ገበሬው መሬቱን «ደከመ» ይለዋል።

ምክንያቱ ዝናብ ነው። ጎጃም ብዙ ዝናብ ያገኛል። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ እያጠበ ወስዶታል። በየዓመቱ ሰብሉም፣ ጭዱም፣ ገለባውም ከማሳ ይወጣል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ዩሪያና ዳፕም በአፈር ውስጥ ሲለወጡ አሲድ ይጨምራሉ። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አልሙኒየም መሟሟት ይጀምራል። የተሟሟው አልሙኒየም የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ አጥሮ ይቀራል፣ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች አይወርድም። ፎስፈረሱንም አልሙኒየሙና ብረቱ ይይዙታል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ማሳው ውስጥ እያለ ለሰብሉ የለም ማለት ነው። ይህ የሚያስቆጭ ነገር ነው።

ፒኤች የሚቆጠረው በአሥር እጥፍ ስለሆነ ቁጥሩ ያታልላል። ፒኤች 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው በአንድ ብቻ የሚያንስ ይመስላል። አሲድነቱ ግን አሥር እጥፍ ነው። ከ7 ጋር ሲነጻጸር መቶ እጥፍ ይሆናል።

መለካቱ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከማሳው አንድ ቦታ ብቻ አፈር አንስቶ መሄድ ዋጋ የለውም። ማሳውን ዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ይወሰዳል። የከብት በረት የነበረበት፣ አመድ የተደፋበት፣ የአጥር ጥግ ይዘለላል። ሁሉም በአንድ ባልዲ ይደባለቃል። ከዚያ አራት ላይ እየተከፈለ ግማሹ ይጣላል፣ አንድ ኪሎ አካባቢ እስኪቀር። በጥላ ይደርቃል፣ ይደቃል፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ላብ ውስጥ አንድ እጅ አፈር በሁለት ተኩል እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ከመለካቱ በፊት ፒኤች ሜትሩ በ4 እና በ7 በፈር (ፒኤቹ በሚታወቅ ፈሳሽ) ይስተካከላል። ይህቺ የመጨረሻዋ እርምጃ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። በፈሩ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ደግሞ የሚመጣው ቁጥር ውሸት ነው። በውሸት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ለገበሬ የኖራ መጠን መንገር በደል ነው።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። ተፈጭቶ ከአፈሩ ጋር የሚደባለቅ የኖራ ድንጋይ። ካልሲየም ካርቦኔቱ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣል፣ ካልሲየሙ አፈሩ ላይ ይቀራል። አልሙኒየሙም መልሶ ጠጣር ይሆንና ሥሩን መጉዳት ያቆማል። የኖራ ድንጋይ መሆኑን ማየት የፈለገ ሰው ኮምጣጤ ጠብ ያድርግበት፤ ይፈላል።

ድንጋዩ ከጎጃም አይርቅም። በአባይ በረሃ አፋፍ፣ ደጀን ላይ የኖራ መፍጫ አለ። ችግሩ መጠኑና መንገዱ ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ያስፈልጋል። ከደጀን እስከ እንጅባራ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ እስከ ማሳው ድረስ ያለውን መንገድ አህያ ነው የሚጨርሰው። ለዚህ ነው ብዙ ገበሬ ኖራን በቃሉ እየመሰከረለት በማሳው የማይጨምረው። ፋግታ ለኮማና አካባቢው ሌላ መንገድ መርጧል፤ መሬቱን ዲከረንስ ለሚባል ዛፍ ሰጠው። ዛፉ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፣ ከሰል ሆኖ ይሸጣል፣ ቅጠሉም ለአፈሩ ይተርፋል። ኬሚስቶችና የአፈር ተመራማሪዎች ከዛፉ በኋላ አፈሩ ምን እንደሚሆን በቅርብ ሊከታተሉት የሚገባ ነገር ነው።

የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል። የሙያ ማኅበር ትልቁ አስተዋፅኦ ላቦች አንድ ዓይነት ናሙና ለክተው ተመሳሳይ ቁጥር እንዲያገኙ ማድረግ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የአንዱ ላብ 5.1 የሌላው 5.6 ከሆነ አንዱ ገበሬ ኖራ ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። አፈራቸው ግን አንድ ነው።

ጣና፣ አረቄና ብራና

ውሃውም ሥራ አለው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ትልቅ የሚባለው 14 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየበት ጊዜ ጀምሮ የሐይቁ ናይትሬትና ፎስፌት የሁሉም ጥያቄ ሆኗል። አረሙ የሚመገበው እነሱን ነው። በእጅ ቢነቀል፣ በማሽን ቢታጨድ፣ ምግቡ በየክረምቱ ከማሳው እየታጠበ እስከገባ ድረስ ተመልሶ ይመጣል። የአፈሩና የሐይቁ ጉዳይ አንድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የቤት ውስጥ ኬሚስትሪም አለ። ጌሾው ጠላውንና ጠጁን የሚያመርረው በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ ኬሚስቶች ከቅጠሉ ለይተው ጌሾይዲን ብለውታል። አረቄ ስታወጣ የምትውል እናት ዲስትሌሽን እየሠራች ነው። ዳግም ማለት ሁለተኛ ዲስትሌሽን ነው። መርዛማውን ሜታኖል ለማስወገድ መጀመሪያ የሚወጣውን መድፋት የተለመደ ምክር ነው፤ ይህ ግን ሜታኖሉን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም።

የጣና ገዳማት ብራናና ሥዕልም የኬሚስትሪ መዝገብ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የሜርኩሪ ቀይ፣ የአርሰኒክ ቢጫና ኢንዲጎ ተገኝተዋል። ያረጀ ሥዕል የሚጠግን ሰው ይህን ሳያውቅ ቢፍቅ ሥዕሉንም ራሱንም ይጎዳል።

የሚቀረው

በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መንገድም በየጊዜው ይዘጋል። ናሙና ይዞ መሄድም፣ ለጉባኤ መውጣትም ከባድ ሆኗል። ላብ ያለ መብራትና ያለ ሪኤጀንት ቆሟል ማለት ነው።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ስለ ባንጃ አፈር የተጻፈው ምርምር በእንግሊዝኛ ነው። የባንጃ ገበሬ የሚናገረው አዊኛና አማርኛ ነው። በመካከል ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ጆርናሉን ላያገኘው ይችላል። ማኅበሩና ዩኒቨርሲቲዎቹ ከእያንዳንዱ የአፈር ጥናት ጋር አንድ ገጽ በአማርኛ፣ አንድ ገጽ በአዊኛ ቢያያይዙ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። የማሳው ፒኤች ስንት እንደሆነ፣ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚፈልግ፣ ከመዝራት ስንት ጊዜ በፊት መጨመር እንዳለበት በገጹ ላይ ይስፈር። ገበሬው የሚፈልገው ይህን ነው።