ሰኔና ሰኞ ሠርግ ቤት ምን ሊሠሩ መጡ?

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ኤምሲው ሞቅ ብሎታል። ማይኩን ጨበጥ አድርጎ "ሙሽሮቻችን እንደ ሰኔና ሰኞ የተገጣጠሙ ናቸው! እልል በሉላቸው!" አለ። ወጣቱ አቀለጠው። ከጎኔ የተቀመጡ፣ ከአዴት በኩል የመጡ አንድ አባት ግን ብርሌያቸውን አስቀምጠው አማተቡ። "ምን በደለችው ይቺ ልጅ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

ልጁ "ገጠመ" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሰማት። መግጠም ሁሉ ጥሩ መስሎታል።

ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ከዋለ ዓመቱ አይበጅም፣ ወይ ጦር ወይ ረሃብ ወይ በሽታ ያመጣል የሚለውን ማን ያጣዋል። መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ "ሰኔና ሰኞ ገጠመበት" የሚባለውም ከዚሁ ነው። እኔን ሁሌ የሚበላኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ለምን ሰኞ? ረቡዕ ቢሆን ምን ነበረበት?

መልሱ ያለው እርሻ ላይ ነው ባይ ነኝ። ምስክሬ የተወለድኩባት መንደር ናት። ሠላሳ ቤት የማትሞላ ቀይ አፈር ላይ ያለች መንደር፣ ከአዴት በእግር የሚደረስባት። እኛ ዘንድ ዘመን የሚቆጠረው በመሬት ነው። "በርስቱ ጊዜ" ይላሉ አያቶች። "በ67ቱ አዋጅ" ይላሉ አባቶች። በእኔ ዕድሜ ያሉት ደግሞ "በ89ኙ ሽግሽግ" ይላሉ፣ ያን ጊዜ መሬት እንደገና ተሸንሽኖ አንዱ ሲቀበል አንዱ ተቆርጦበታል።

የሽግሽጉ ማግስት ዓመት፣ 1990፣ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ከዋለ ሰኔ 1 ያለጥርጥር ሰኞ ናት። ቄሱ በአዲስ ዓመት የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሲያውጁ ሰኔን አላነሱም፣ ገበሬው ግን በጣቱ ቆጥሮ ጨርሶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አባቴና ጎረቤታችን ሲያወሩ ሰማሁ። "ዘንድሮ እኮ ሰኔና ሰኞ ነው።" "ኧረ ተወኝ እባክህ!"

አባቴ አንድ በሬ ነበረው፣ ቦራ። ጎረቤታችንም አንድ፣ ዳልቻ። ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ። ለማያውቅ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ባንድ ቀንበር ጠምደው በተራ ሲያርሱ መቀናጆ ይባላል። ዛሬ ያንተ፣ ነገ የእኔ። ተራ ያለፈችበት ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ማሳ ሲለሰልስ ያያል። ለቁርጥማት የሚዳርግ ነገር ነው፣ እመኑኝ።

ያን ዓመት ግንቦት 28 ማታ ዶፍ ጣለ። መሬቱ ለዳጉሳ ልክ ሆነ። ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ በሬ አይጠመድም። እሁድም ሰንበት። ሰኞ የአባቴ ተራ ነበረች። ሰኞ ግን ሰኔ 1 ሆነችና ልደታ ናት! እኛ ሰፈር በልደታ ያረሰ ሰው በረዶ ያመጣል ተብሎ ጎረቤት ሁሉ ይጣላዋል። አባቴ ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ ምራን ሲያለፋ ዋለ። ምራኑ እንኳ አላረጀም ነበር። ማክሰኞ የጎረቤታችን ተራ፤ ረቡዕ ደግሞ ከጧት ጀምሮ ዘነበ፣ እግር የሚውጥ ጭቃ ሆነ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሰኔ ነው። እናቴ ጎታው ውስጥ እጇን እስከ ክንዷ ስትሰድ የሚሰማው ጭረት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ጎመን። ከዚያ እንደገና ጎመን። ማታ ወንዶቹ ሬዲዮ ያለው ቤት ይሰበሰባሉ፣ የኤርትራ ጦርነት ግንቦት ላይ ተጀምሮ ነበርና። "አላልኳችሁም?" ይላል አንዱ በየማታው። እሱ ሁሌም ያለ ሰው ነው።

እንግዲህ ንድፈ ሐሳቤ ይኸውላችሁ። ሰኔ ሰኞ ሲገባ ወሩን ቁጠሩት። 1 ልደታ፣ ሰኞ። 5 አቦ አርብ ይውላል፣ ቅዳሜና እሁድ ይከተሉታል። 12 ሚካኤል አርብ። 19 ገብርኤል፣ እሱም አርብ። 27 መድኃኔዓለም ቅዳሜ፣ 28 እሁድ፣ 29 በዓለ ወልድ ሰኞ። በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ቀን በተከታታይ ቀንበር ይሰቀላል። ሥላሴና ማርያም እሁድ ላይ ሲያርፉ ኪዳነ ምሕረትና ጊዮርጊስ ማክሰኞ ማክሰኞን ይወስዳሉ። እኛ ሰፈር እንደሚከበረው ብታከብሩ ከ30 ቀን ለማረሻ የሚተርፈው 15 ብቻ ነው። ይሄ በመቀናጆ ለሁለት ሲካፈል ሰባት ቀን ተኩል። የተረገመው ሰኞ አይደለም፣ የታሰረው በሬ ነው!

ይህን በኩራት ለአንድ ወዳጄ ብነግረው ወረቀት አውጥቶ ቆጠረ። "ሰኔ ሐሙስ ሲገባ የሚዘጋው 18 ቀን ነው፣ ከሰኞው ይብሳል" አለኝ። ቆጠርኩ። እውነቱን ነው። የተሸነፍኩ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አልተሸነፍኩም። ሐሙስ የገባ ሰኔ ቢያንስ ሰኞን ጠምዶ ከመጣ ሳምንት ላይ ነው የሚገባው። ሰኞ ሲገባ ግን ሳምንቱም ወሩም ባንድ ጧት ተዘግተው ይከፈታሉ፣ ገበሬም የሚያስታውሰው ጅማሬን ነው። ከፈለጋችሁ ግትር በሉኝ።

የክፋቱን ነገር ግን ታሪክ ብዙም አያግዘውም። ሰኔና ሰኞ አንዴ በ5፣ አንዴ በ6፣ አንዴ በ11 ዓመት እየተመላለሰ ይገጥማል። የቀንድ ከብቱ በበሽታ አልቆ ገበሬ በሬ ያጣበት ክፉ ቀን፣ ከ1881 እስከ 1884 ያለው፣ በ1878ና በ1889 ሰኔና ሰኞዎች መካከል ነው የወደቀው። አንዱም አልነካውም። 1977ም ሰኔና ሰኞ አልነበረም። በ2012 ግን ኮሮናም አንበጣም ነበሩ፣ ሰኔም ሰኞ ገባ። ያኔ "አላልኳችሁም?" ባዩ ከሞተ ቆይቶ ነበር እንጂ ምን ይል እንደነበር ይታየኛል።

አሁን አሁን ኔትወርክ በጥቅምት ሲቋረጥበት "ሰኔና ሰኞ ሆነብኝ" የሚል ሞልቷል። ታክሲ ያመለጠውም እንዲሁ። እሺ፣ ይሁን፣ ቢያንስ መከራ መሆኑን አውቆ ነው። ሙሽሮችን መመረቂያ ሲሆን ግን ይለያል። ኤምሲ ወንድሜ፣ "እንደ ሞፈርና ቀንበር" ብትል ምን ነበረበት? እሱም ይገጥማል፣ ያውም ያርሳል።

የባሰው ደግሞ ዘንድሮ፣ 2018፣ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር የዋለው። ሽማግሌው ያማተቡት ለዚህ ነው። ቆጥረውታል።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። "ሠርጉ እንዴት ነበር?" አለችኝ። ኤምሲው ያለውን ነገርኳት። ዝም አለች፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"ኧረ በማርያም" አለች በመጨረሻ። "የሙሽራይቱ እናት ሰምታለች?"