የቻይልድ ላይፍ ባለሙያ ነርስ ነው እንዴ?

ጥያቄው ደጋግሞ እየመጣ ስለሆነ ላስረዳ። አይደለም። መርፌ አይወጋም፣ መድኃኒትም አያዝም። ሥራው ሆስፒታል የተኛ ልጅና ቤተሰቡ የሚገጥማቸውን ነገር ተረድተው፣ ፍርሃታቸው ቀለል እንዲል ማገዝ ነው።

የ5 ዓመት ልጅ እጇ ላይ የግሉኮስ መስመር ሊገባላት ነው እንበል። ባለሙያዋ አሻንጉሊት ይዛ ትመጣለች። ልጅቷ ፕላስተሩንና መርፌ የሌለውን ቀጭን ቱቦ እየነካካች ለአሻንጉሊቱ ታደርግለታለች። «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሻል፤ ከዚያ መርፌው ይወጣል፣ ለስላሳዋ ቱቦ ብቻ ትቀራለች» ትላታለች። «ምንም አያምም» ግን አትልም። አንዴ የተዋሸ ልጅ ቀጥሎ የሚነገረውን አያምንም። እናትየዋም ልጇን አስተኝታ ከመያዝ ይልቅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንድታቅፋት ታሳያታለች። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህችን ነው።

ሥልጠናውስ? እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የሙያ ማረጋገጫውን ለማግኘት ዲግሪ፣ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የ600 ሰዓት የተግባር ልምምድና ፈተና ያስፈልጋል። ሌላ አገር ስሙም መስፈርቱም ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ልትሠሩበት ያሰባችሁትን አገር መስፈርት እዩ። ለበጎ ፈቃደኛ አጫዋቾች የሚሰጠው አጭር ሥልጠና ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን የዚህ ሙያ ባለቤት አያደርግም።