ተኮር፦ ልብሱን የተገፈፈው የአርመን ቤተ ክርስቲያን

ተኮር በዛሬዋ ቱርክ፣ በካርስ ክፍለ ሀገር፣ ዲጎር ከተማ አጠገብ የነበረ የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአርመኒያ ድንበር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የተሠራው በ480ዎቹ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ያኔ ዲጎርም ስሟ ተኮር ነበር።

ያሠራው ሳሃክ ካምሳራካን የተባለ መስፍን ነው። ይህን የነገረን ሕንፃው ራሱ ነው። ምዕራብ በሩ ጉበን ላይ፣ ሳሃክ ይህን የቅዱስ ሳርጊስ መታሰቢያ እንዳሠራ ተቀርጾ ነበር። ጽሑፉ ዓመት አይጠቅስም። የአርመን ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት (ካቶሊኮስ) የነበሩትን የዮሐንስን ስም ግን ይጠራል። እሳቸው መንበሩ ላይ የነበሩት ከ478 እስከ 490 ስለሆነ፣ ሊቃውንቱ ዘመኑን የለዩት በዚህ ነው። በአርመን ፊደል ከተጻፉት መካከል ዛሬ ከሚታወቁት ቀዳሚ ጽሑፎች አንዱ ይኸው ነው። መስሮፕ ማሽቶትስ ፊደሉን የቀረጸው በ405 ገደማ ነው። ሰማንያ ዓመት ገደማ ብቻ የሆነው ፊደል ማለት ነው። የኢዛናን ድንጋይ ለሚያውቅ ሰው የዚህን ክብር ማስረዳት አያሻም፤ ደግሞም የእህት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው።

ውስጡ በዓምዶች ለሦስት የተከፈለ ሲሆን መካከሉ ላይ ጉልላት ነበረው። ጉልላቱ ከመጀመሪያው የነበረ ነው ወይስ ኋላ የተጨመረ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። ኋላ መጣ ቢባል እንኳ ከአርመን ጥንታውያን ጉልላቶች አንዱ መሆኑ አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ ገዢዎች ተፈራረቁ፤ ሕንፃው ግን ቆመ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሻርል ቴክሲዬ መጥቶ ሣለው። 1878 ላይ አካባቢው በሩሲያ እጅ ገባ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አርክቴክቱ ቶሮስ ቶራማንያን እየለካ፣ ፎቶ እያነሳ ብዙ ደከመበት። ዛሬ ስለ ተኮር የምናውቀው አብዛኛው ነገር የእሱ ልፋት ነው። እንኳንም ደረሰ! 1912 ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉልላቱን ጣለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካርስ ወደ ቱርክ ዞረ፣ አርመኖቹም ከአካባቢው ተነቀሉ። 1936 ላይ ሌላ መንቀጥቀጥ ከተረፈው ብዙውን አፈረሰ።

የቀረውን የጨረሰው ግን የሰው እጅ ነው። የአርመን ግንበኞች ግድግዳ የሚሠሩት ከውጭም ከውስጥም በደንብ የተጠረበ ድንጋይ አቁመው፣ መካከሉን በጥራጊ ድንጋይና በኖራ ቡኬት በመሙላት ነው። በ1960ዎቹ ጥርቡ ድንጋይ ከላዩ ተነቅሎ ለዲጎር ማዘጋጃ ቤት ግንባታ ዋለ። ስለዚህ ዛሬ እዚያ ቆሞ የሚታየው ግድግዳው ሳይሆን የግድግዳው ሆድ ነው፤ ጠጠርና ኖራ የተጋገረበት፣ ከታች በኩል ብቻ የቀረ ሻካራ ጉብታ።

ማዘጋጃ ቤቱም ኋላ ፈርሷል።