ቀለህ መልሶ መሙላት፦ ጀማሪ የሚፈራውና ሊፈራው የሚገባው

ቨርጂኒያም ይሁን ቴክሳስ፣ ተኩስ መለማመጃ የሚያዘወትር ሰው አንድ ነገር ማየቱ አይቀርም፦ ከጎኑ ያለው ሽማግሌ የጥይት ካርታውን ተኩሶ ከጨረሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ የወደቁትን ቀለሆች ይለቅማል። ቤቱ ወስዶ ያጸዳቸዋል፣ የተቃጠለውን ፕራይመር (ተመትቶ ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ) አውጥቶ አዲስ ይተካል፣ ባሩድ ይሞላል፣ አዲስ አረር ይከትታል፣ ከዚያ መልሶ ይተኩሳቸዋል። አሜሪካኖች ሪሎዲንግ ይሉታል። እኔም የምሠራው ስለሆነ፣ መጀመር የሚፈልጉ የአገሬ ልጆች ይጠይቁኛል። ከጥያቄያቸው የምረዳው ብዙዎቹ የማያስፈራውን ፈርተው የሚያስፈራውን እንደዋዛ እንደሚያልፉት ነው።

አስቀድሜ ልበል፤ ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያና ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ በመሆኑ ለአገር ቤት ዘመድ «ሞክረው» ተብሎ የሚላክ ምክር አይደለም። ጀርመን ያላችሁም ባሩድ ከመግዛታችሁ በፊት በፈንጂ ሕጉ መሠረት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

«ባሩድ ቤት ማስቀመጥ ቦምብ እንደማስቀመጥ ነው»

አይደለም። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ሜዳ ላይ ቢለኮስ ቦግ ብሎ ይነዳል እንጂ አይፈነዳም። ጉልበት የሚያገኘው ሲታፈን ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ የሚያደርገው ነገር፣ ባሩዱን ወፍራም የብረት ካዝና ውስጥ መቆለፍ፣ ነገሩን ያብሰዋል፤ እሳት ቢነሳ ካዝናው ራሱ ማፈኛ ይሆናል። የፋብሪካው ዕቃ ግፊት ሲበዛበት በቀላሉ እንዲከፈት ሆኖ የተሠራ ነው። እዚያው ይቆይ፤ ከሙቀት፣ ከእሳትና ከልጆች ይራቅ። ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥ።

ይልቅ ከባሩዱ በላይ ክብር የሚገባው ፕራይመሩ ነው። በምት የሚነሳ ፈንጂ ነውና አንዱ ቢነሳ አጠገቡ ያሉትን ሊያስነሳ ይችላል። የሚሸጥበት ሳጥን አንዱን ከአንዱ ለያይቶ የሚይዘው ለዚህ ነው። ሁሉንም አንድ ብልቃጥ ውስጥ ገልብጦ ማስቀመጥ ከጀማሪ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ስትሠሩም መነጽር አድርጉ።

«ባሩድ ከቀነስኩ አደጋውም ይቀንሳል»

የወጥ ጨው ቢያንስ ምንም አይደል፣ ይጨመርበታል። ባሩድ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በዚህ ሥራ ሽጉጥ ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ማነሱ ነው።

ቀለሁ ውስጥ ባሩድ ካልገባ ወይም በጣም ካነሰ፣ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቅረዋል። ተኳሹ የሚሰማው ደካማ «ጠብ» የምትል ድምፅ ነው፤ ምቱ እጁ ላይ አይሰማም። ስላይዱም (በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ የሚሄደው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል) አንዳንዴ ወደ ኋላ አይመለስም። እዚህ ላይ የልምድ እጅ ይቀድማል፦ ስላይዱን ስቦ ሌላ ጥይት ያጎርስና ቃታውን ይስባል። ሁለተኛው አረር የተሰነቀረውን ሲያገኘው አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ላይ ይብሳል፤ ቃታ በተሳበ ቁጥር ቀጣዩ ጥይት ራሱ ዞሮ ስለሚመጣ የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም።

እንግዳ ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ትንሽ ጠብቁ፣ ጥይቱን ሁሉ አውጡ፣ ከዚያ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን በዘንግ አረጋግጡ። ዘንጉ ካላለፈ ያን ቀን ተኩስ የለም።

መቀነስ ጭራሽ የማይወዱ ባሩዶችም አሉ። ለማግነም (ኃይለኛ) ጥይቶች የሚሆነውን ኤች 110 የሚያቀርበው ሆጅደን ራሱ ከሰጠው መጠን ከ3 ከመቶ በላይ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ደንቡ ማኑዋሉ (የአሞላል መመሪያ መጽሐፉ) መነሻ ብሎ ከሰጠው ቁጥር መጀመር ነው፤ ከዚያ በታች አይደለም። ወደ ላይም ቀስ በቀስ።

«ሁለት ጊዜ ብሞላ ገንፍሎ ይታወቀኛል»

ይህ እንደ ቀለሁ ነው። .38 ስፔሻል የሚባለው የስድስት ጎራሽ ጥይት በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ ጥቁር ባሩድ ገና ባልጠፋበት ዘመን የተወለደ ስለሆነ ቀለሁ ረጅምና ሰፊ ነው። የዛሬ ፈጣን ባሩድ ከግማሹ በታች ሊይዝ ስለሚችል እጥፉ ሳይገነፍል ይገባል። ከዚህም ጋር የ.38 ስፔሻል ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ብቻ ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር 35,000 ይደርሳል። እጥፍ ባሩድ የዚያን ለስላሳ ጥይት ግፊት የት እንደሚያደርሰው አስቡት።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። 50 ቀዳዳ ያለው ጣውላ ላይ ቀለሆቹን ደርድራችሁ ከሞላችሁ በኋላ፣ አረር ከመክተታችሁ በፊት፣ በእጅ ባትሪ ከላይ እያበራችሁ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ባሩዱ በሁሉም አንድ ከፍታ ላይ መተኛት አለበት። አንዱ ጥቁር ጉድጓድ ከሆነ ባዶ ነው፤ አንዱ ወደ አፉ ቀረብ ካለ እጥፍ ነው። የተጠራጠራችሁትን መልሳችሁ ገልብጡና መዝኑ። ስልክ ከተደወለ ወይም ልጅ ከጠራችሁ ደግሞ የያዛችሁትን ረድፍ ከመጀመሪያው ጀምሩት።

«115 ግሬይን አረር ሁሉ አንድ ነው፤ ባሩዱም ስሙ ከተመሳሰለ አንድ ነው»

ግሬይን የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ ነው። ክብደቱ አንድ ቢሆንም አንዱ አረር ረጅም፣ አንዱ አጭር ይሆናል፤ ረጅሙ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠባል። ቦታ ሲጠብ ግፊት ይወጣል፤ በተለይ እንደ 9 ሚሊ ሜትር ባለ ትንሽ ቀለህ። በደንብ ያልተያዘ አረር ሲጎርስ ወደ ውስጥ ቢገፋም ውጤቱ ያው ነው። ማኑዋሎች ከባሩዱ መጠን ጋር የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት የሚጽፉት ለዚህ ነው። ርዝመቱ ለሽጉጣችሁ መስማማቱን ለማወቅ አፈሙዙን ፈትታችሁ የተሠራውን ጥይት መጉረሻው ውስጥ ጣሉት፤ «ጠብ» ብሎ ገብቶ ስትገለብጡት በራሱ መውደቅ አለበት።

ስምን በተመለከተ የሆጅደን ኤችፒ 38 እና የዊንቸስተር 231 ስማቸው ምንም ሳይመሳሰል አንድ ባሩድ ናቸው። ኤች 4895 እና አይኤምአር 4895 ደግሞ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ የጠመንጃ ባሩዶች ቢሆኑም ትምህርቱ ለሽጉጥም ይሠራል። ምልክቱ የጠፋ ዕቃ ውስጥ ያለ ባሩድ በመልኩ አይታወቅም፤ ይጣል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ።

«የወደቀ ቀለህ ሁሉ ይሞላል»

የአሉሚኒየሙን ተዉት። ነሐሱንም ውስጡን እዩ፦ መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው ቦክሰር የሚባለው ዓይነት ነው፣ ይሞላል፤ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው በርዳን ነውና የፕሬሱን (የመሙያ ማሽኑን) መርፌ ሊሰብር ይችላል። (ቦክሰር እንግሊዛዊ፣ በርዳን አሜሪካዊ ነበሩ፤ የአሜሪካ ጥይት ግን በእንግሊዛዊው ዘዴ ይሠራል።) .45 ኤሲፒ የሚባለው የሽጉጥ ጥይት ትልቅም ትንሽም ፕራይመር የሚወስድ ስላለው ቀድማችሁ ለዩት።

«ገንዘብ ይቆጥባል»

በምን ጥይት? እናስላ። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው። ለሂሳብ ያህል በአንድ ጥይት 5 ግሬይን ብንል 1,400 ጥይት ይወጣዋል፤ ባሩዱ 40 ዶላር ቢሆን ለአንዱ 3 ሳንቲም አይሞላም። ፕራይመሩን 8፣ አረሩን 11 ሳንቲም ብንል ድምሩ 22 ሳንቲም ገደማ ነው። የፋብሪካ 9 ሚሊ ሜትር በ25 ሳንቲም የሚገኝበት ጊዜ ስላለ ትርፉ 3 ሳንቲም ነው፤ ፕሬሱ፣ ሚዛኑና ጊዜያችሁ ሳይቆጠር። .44 ማግነም ወይም .45 ኮልት ለሚተኩስ ግን ፋብሪካው በጣም ውድ ስለሆነ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል። በ2020 እና በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጥይት ከመደርደሪያ ሲጠፋ ፕራይመርም አብሮ ስለጠፋ «ለክፉ ቀን» የሚለውም ሙሉ መልስ አይደለም። እኔ የምለው ሥራውን ካልወደዳችሁት በ9 ሚሊ ሜትር ምክንያት አትጀምሩት።

«ካልቀረ ትልቁን ማሽን ልግዛ»

በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር የሚሠራው ፕሮግሬሲቭ ፕሬስ እጀታው በወረደ ቁጥር ጥይት ይጥላል፤ ስህተትም ቢኖር በዚያው ፍጥነት። አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራው ይቅደም።

«ከሠራሁ አይቀር ለጓደኞቼ ብሸጥስ?»

ለራስ መሥራት በፌዴራል ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ክፍላተ ሀገርና ከተሞች ግን የራሳቸው ደንብ አላቸውና ቀድማችሁ ጠይቁ። ለንግድ ከሆነ 06 የሚባለው የአምራች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። በነፃ መስጠትንም አልመክርም፤ ጥይቱ የሚፈተነው በሰው እጅ ነው። በነገራችን ላይ ግሎክን ጨምሮ አምራቾች በማኑዋላቸው እንደገና የተሞላ ጥይት አትጠቀሙ ይላሉ፤ አንዳንድ መለማመጃዎችም አያስገቡም።

«እርሳስ የሚያሰጋው አረር ለሚያቀልጥ ብቻ ነው»

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ይህን ነው። ብዙ ፕራይመር ውስጥ የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ውህድ ስላለ ከተተኮሰ በኋላ ቅሪቱ ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ቀለሆቹ በደረቅ ማጽጃ ሲንቀጠቀጡ ያ ቅሪት አቧራ ይሆናል፤ ክዳን ሲከፈት ይተነፈሳል፣ ምንጣፍ ላይ ያርፋል፣ የሚድኸው ልጅ ያገኘዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለልጆች የሚያስጠነቅቅበትን መጠን ከ5 ወደ 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ደም ዝቅ አድርጎታል። በውኃ የሚያጸዳ ማሽን አቧራው እንዳይነሳ ያደርጋል፤ ውኃውም ቢሆን የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይደፋ። ጠረጴዛው ወጥ ቤት አይሁን፣ የቡና ሲኒ አይቅረበው፣ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስ። ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ ለሐኪማችሁ ነግራችሁ የደም እርሳስ ምርመራ አስደርጉ።