«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ ትርጓሜው

ሃምሳ ሎሚ ቢመዘን ከሁለት ከሦስት ኪሎ ብዙም አያልፍ። ታዲያ ሸክምነቱ ምኑ ላይ ነው? አያያዙ ላይ ነው። የሰው እጅ አራት አምስት ሎሚ ቢይዝ ነው፤ የቀረው ይንከባለላል። በከረጢት ቢታጨቅ የታችኛው ይጨፈለቃል፣ አንዱ ሲሻግት የጎኑን ያበላሻል። አንድ አንድ ሲደርስ ግን ሎሚ ሌላ ነው። ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ ፋሲል መዋኛ የወረደ ያውቀዋል፤ ሎሚ በእጅ ተይዞ ይሸተታል፣ ጎረምሳውም የወደዳትን ልጅ ደረት ይመታበታል። «ጌጡ» የሚለው ቃል የሚገባን ያን ጊዜ ነው።

አባባሉ ለደቦ ሰው ሲጠራ፣ መዋጮ ሲሰበሰብ ይነገራል። እርከን ሥራ ላይ ደግሞ እውነቱ በዓይን ይታያል። በበጋ ገበሬው ያለ ክፍያ ዳገቱን ይቆፍራል፤ ቦዩ ግማሽ ሜትር ያህል ይጠልቃል፣ አፈሩ ወደ ላይ ይወረወራል። ከላይ ያለ አንድ ማሳ ሳይሠራ ከቀረ የክረምቱ ጎርፍ በዚያች ክፍተት ይገባና የታቹን እርከን ሁሉ ይደረምሳል። ታጥቦ የወረደው አፈር የጎንደርን የመጠጥ ውሃ የሚይዘውን የአንገረብን ግድብ በደለል ይሞላል።

ይህ አባባል ለአየር ንብረት ለውጥ ሲጠቀስ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ሎሚውም ሰዉም እኩል ሃምሳ ናቸው። የዓለም በካይ ጋዝ እንዲያ አልተለቀመም። ከዓለም ሕዝብ ሀብታሙ አንድ አስረኛ ግማሽ ያህሉን ይለቃል፤ ድሃው የዓለም ግማሽ አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኃላፊነቱ የጋራ ቢሆንም ድርሻው የተለያየ ነው ያለው። ያደጉት አገሮች በ2009 ኮፐንሃገን ላይ እስከ 2020 ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። የሞላው በ2022 ነው፤ መንግሥታት ከሰጡት አብዛኛው ደግሞ ብድር ነበር። ብድር ድሃው ላይ ሌላ ከረጢት መጫን ነው፤ በዚህ አባባል ሊሸፈን አይገባም።

ደቦ ሲጠራ በሬ ያለው በሬውን ጠምዶ ይመጣል፣ የሌለው በጉልበቱ። ባለ በሬው ባዶ እጁን ቢመጣ አገሬው ዝም አይለውም።